ለቅሶ የለመደች መኪና

ያን ቀን ጠዋት መኪናዬን ለጭስ ምርመራ ይዤ ስሄድ የእድራችንን ድንኳን ከነብረቶቹ ከኋላ ጭኜ ኖሯል። «ጭኜ ኖሯል» ማለቴ እኔም እንደ ማንኛውም ሰው የሰማሁት ከጥበቃው ስለሆነ ነው። የምርመራ ጣቢያው በር ላይ የቆመው ጥበቃ ሊፈትሽ ወደ ኋላ ዞረ፣ ሸራውን ገለጥ አደረገ፣ ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ቀስ ብሎ ወደ መስኮቴ ተመለሰ።

«ነፍስ ይማር፣ አባባ።»

«ማን ሞተ?» አልኩ ደንግጬ።

«እኔን ነው እንዴ የሚጠይቁኝ? ድንኳን የጫኑት እርስዎ!»

ወርጄ አየሁ። እውነቱን ነው። ብረቶቹ፣ ገመዱ፣ የተጠቀለለው ድንኳን፣ አንድም ሳይጎድል ተደርድሯል። ባለፈው ከአንድ ለቅሶ ቤት አንስተን ስንመለስ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዘው ሰው አልነበረም። «ነገ አወርደዋለሁ» ብዬ ሸራ አለበስኩት። ነገው መጣ፣ ሄደ፣ ሌላ ነገም ተከተለ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ንብረት ክፍል ነው። አንዲት ብሎን ጎደለች ብዬ ሠራተኛ አስለቅሻለሁ። ይኸው አንድ ሙሉ ድንኳን ጀርባዬ ላይ ሆኖ አላየሁትም።

ስለ መኪናዋ ትንሽ ልናገር። ፒካፕ ናት፣ ናፍጣ የምትጠጣ። ቀለሟ ነጭ ነበር ይላሉ የሚያስታውሱ። ጡረታ ስወጣ ከአቦምሳ ሽንኩርት እያመላለስኩ እነግዳለሁ ብዬ ነው የገዛኋት። ስገዛት አሮጌ ነበረች፤ እኔም ጎረምሳ ስላልነበርኩ ቶሎ ተግባባን። ንግዱ ግን ፊቴን ሲያይ ሸሸ። አንድ ቀን የእድሩ ጋሪ ተሰብሮ «እባክዎ ድንኳኑን ለቅሶ ቤት ያድርሱልን» ተባልኩ። አደረስኩ። ከዚያ ወዲህ የሰፈራችንን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የማደርሰው እኔ ሆንኩ። ቀብር ሲሆንም መራመድ የማይችሉ አሮጊቶችን ከኋላ አስቀምጬ፣ የሚያለቅሰውን ሕዝብ ተከትዬ፣ በእግረኛ ፍጥነት እስከ መካነ መቃብሩ እነዳለሁ። ክፍያ የለውም። ያለው ነገር ቢኖር፣ ጡሩምባ ሲነፋ ሰው «እሱስ የት አለ?» ብሎ መጠየቁ ነው። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የት እንዳለሁ የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው የለም።

ደግሞ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ከእድር ድንኳን ጋር ያለው ዝምድና ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ይጭነዋል፣ ወይ ይተከልለታል። እኔ መጫኑን መርጬ ነበር።

ባለፈው ስብሰባ ላይ ግን የእድሩ ዳኛ ተነሣና ጉሮሮውን ጠረገ። ጉሮሮውን ሲጠርግ ስለ እኔ ሊናገር እንደሆነ አውቃለሁ።

«ጋሼ፣ ቦሎዎ ጊዜው አልፏል። መስታወትዎ ላይ የተለጠፈው የአምና ነው። ነገ ትራፊክ ቢያስቆምዎ ድንኳኑ ፖሊስ ጣቢያ ሊያድር ነው። ሬሳ ቤት ተቀምጦ ድንኳን ከታሰረ ለሰው ምን እንላለን?»

ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ሲስቁብህ ቀድመህ ከሳቅህ ግማሹ ሳቅ ያንተ ይሆናል።

«እስከ ሐሙስ ምርመራውን ካላለፉ» አለ ዳኛው፣ «የወፍጮ ቤቱን ልጅ ፒካፕ እንይዛለን።»

የወፍጮ ቤቱ ልጅ መኪናው ገና የፋብሪካ ላስቲኩ ከወንበሩ ላይ አልተነሣም። እጁን አወጣና በትሕትና፣ «እኔ ደስ ይለኛል። ጋሼም ይረፉ» አለ። ለእኔ ዓይነቱ ሽማግሌ «ይረፉ» ሲባል እንዴት እንደሚሰማ ልጁ አያውቅም። ክፋት የለበትም፤ እሱ ነው የባሰው። ክፉ ቢሆን ጠልቼው እገላገል ነበር።

ከዚያ በኋላ ጣቢያው ሄጄ ተመረመርኩ። ፍሬኑ አለፈ፣ መብራቱ አለፈ፣ መሪው ሳይቀር አለፈ። ጭሱ ወደቀ። ሐጂ ጋ ወሰድኳት። ሐጂ ከአርሲ የመጣ መካኒክ ነው፣ ከከተማችን ወደ አሰላ መውጫው ላይ ጋራዥ አለው። እኩያዬ ነው፣ ወዳጄም ነው፣ እንዲህ ተብለን ብንጠየቅ ግን ሁለታችንም እንክዳለን። አየር ማጣሪያውን ቀየረ፣ ናፍጣ የሚረጨውን ጫፍ ሁሉ ፈቶ አጸዳ፣ እጁን ጠረገና፣ «አሁን ሽቶ ነው የምትተነፍሰው» አለኝ።

ዳኛው የቆረጠው ሐሙስ ይሄ ሐሙስ ነው። ሽቶዋን ይዤ፣ ድንኳኔን ይዤ ገባሁ።

መርማሪዋ ግራጫ ቱታ የለበሰች ወጣት ናት። የማሽኑን ቱቦ ጭስ ማውጫው ውስጥ ከተተችና ስክሪኑ አጠገብ ቆመች።

«ይርገጡ፣ አባባ።»

ረገጥኩ።

«ይርገጡ!»

«ረግጫለሁ እኮ!»

«ነዳጁን ነው እየዳበሱት ያሉት። እስከ መጨረሻው!»

እስከ መጨረሻው ስረግጥ ከኋላ የወጣው ጭስ ጥበቃውን ከነኮፍያው ሰወረው። ስክሪኑ ቀላ።

«አለፈች?» አልኳት፣ አንዳንዴ በፈገግታ የሚሆን ነገር ይኖራል ብዬ።

«ልኩን አልፋለች» አለች ልጅቱ። ከዚያ ፊቴን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እስከ አሥር ሰዓት አለሁ። አስተካክለው ከመጡ ዛሬውኑ ደግሜ አይልዎታለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ቀጠሮው ለሚቀጥለው ሳምንት ነው።»

እስከሚቀጥለው ሳምንት የወፍጮ ቤቱ ልጅ ድንኳኑን ጭኖ ያድራል።

ሐጂ ጋራዥ በር ላይ ስቆም ጭሱ ከእኔ ቀድሞ ገብቶ ኖሮ፣ እያሳለ ወጣ።

«አካም ቡልቴ፣ አንተ ጃርሳ! ምን አበላሃት?» በኦሮምኛ እንዴት አደርክ ብሎ፣ ሽማግሌ እያለ ሲሰድበኝ የራሱን ዕድሜ የሚረሳ ሰው ነው።

«ሽቶህን አልወደዱትም» አልኩት።

«እኔ የነካሁት መኪና አጭሶ አያውቅም! ናፍጣው ነው። ውኃ የተቀላቀለበት ሸጠውልህ ነው።» ናፍጣውን በጠርሙስ ቀድቶ በፀሐይ አየው፤ ንጹሕ ሆነ። «እንግዲያው ማሽናቸው ነው።» ማሽናቸው እንዳልሆነ ለማሳየት ወደ ጋራዡ ግድግዳ ጠቆምኩት፤ ከጭስ ማውጫዬ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ጠቁሯል። ግድግዳውን በጣቱ ጠረገና ጣቱን አየ። ሐጂ የሚወቅሰው ሲያጣ ነገሩ የእውነት ከባድ ነው ማለት ነው።

«ንዳት እስቲ፣ ልስማት» ብሎ ጋቢና ገባ።

ነዳሁ። የአስፋልቱን ጠርዝ ይዤ እንደ ልማዴ ቀስ እያልኩ። ባጃጆች በግራም በቀኝም ያልፉናል፤ ጋሪ አለፈን፤ ቀጥሎም ዱባ የተሸከመች ሴት ስታልፈን ሐጂ አንገቱን አዙሮ ተከተላት።

«ቆይ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትነዳት?»

«እንዴት?»

«ሬሳ እንደሚከተል ሰው!»

ተያየን።

«ያ ረቢ!» አለ ሐጂ ግንባሩን ይዞ። «ስንት ዓመት ሙሉ ቀብር ለቀብር! ስትሮጥ የሚወጣላት ጥላሸት በእርምጃ እየሄደች ሆዷ ውስጥ ተጋግሯል። እኔ ማጣሪያ እቀይራለሁ፣ እሷ ለካ ሐዘን ላይ ናት!»

እግሬን አየሁት። እውነትም ነዳጁን አይረግጥም፣ ያባብለዋል። የሚያለቅሱ ሴቶች ፊት ለፊቴ እየሄዱ ሞተር ማጓራት ነውር ነው፤ ያን ነውር ሳልፈራው የዋልኩበት ቀን ስለሌለ እግሬ ባዶ መንገድ ላይም ፈርቶ ቀርቷል።

«መድኃኒቱስ?»

«ሽቅብ። ዴራን አልፈን ወደ ኢተያ ዳገቱን እንወጣለን። በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን ወለል ድረስ ረግጠህ። ወይ ጥላሸቷን ትተፋለች፣ ወይ…»

«ወይ ምን?»

«ወይ ዳገቱ ላይ ትቀራለች። አሮጌ ናት፤ አልዋሽህም።»

«ቆይ ድንኳኑን ላውርድ።»

«አይወርድም! ሸክም ይኑርባት፣ ትልፋ!»

ዕቃ ቤቱም ዝግ ነበር። እንዲህ ሆኖ የረሳሁት ድንኳን መድኃኒት ተብሎ ከእኛ ጋር ዳገት ሊወጣ ተነሣ።

እስከ ዴራ ድረስ ያለውን ሜዳ ሐጂ እየጮኸብኝ፣ እኔ መሪውን አንቄ አለፍነው። ዳገቱ ሲጀምር «ሁለተኛ!» አለ። አስገባሁ። «እርገጥ!» ረገጥኩ። ከኋላችን ዓለም ጠፋ። በመስተዋቱ የሚታየኝ ጥቁር መጋረጃ ብቻ ነበር፤ ከመጋረጃው ውስጥ የሆነ ሾፌር ክላክስ እየነፋ እናቴን እያነሣሣ ይሰድበኛል።

«እንዳትለቅ!»

«ሙቀቱ ወጣ፣ ሐጂ!»

የሙቀት መርፌው ከመሐል ተነሥቶ ወደ ቀዩ መስመር እየተጠጋ ነበር። መኪናዋ ከሥር እስከ ላይ ትንቀጠቀጣለች፤ ከኋላ ብረቶቹ ይንኳኳሉ፤ ከእግሬ ሥር የሚመጣው ሙቀት ጫማዬን አልፎ ይሰማኛል። ይህች መኪና ከተቃጠለች ሌላ መግዣ የለኝም። ምርመራውን ብቻ አይደለም የማጣው፤ እሷንም ነው። እሷን ይዤ ሰፈር መግባት ካቃተኝ ነገ ጡሩምባ ሲነፋ ከቤቴ ደጃፍ ቁጭ ብዬ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ሲያልፍ እጄን የማውለበልብ ሽማግሌ ነኝ።

«ልልቀቅ?»

«ትንሽ! እስከዚያ ባሕር ዛፍ ድረስ!»

ባሕር ዛፉን አለፍነው። «እስከዚያ መታጠፊያ!» መታጠፊያውንም አለፍነው። ሐጂ በአንድ ዓይኑ መርፌውን፣ በሌላው መንገዱን እያየ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ነው። እኔም በበኩሌ የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ወደ ዳገቱ እየጠራኋቸው ነበር። መርፌው ቀዩን ነካ። ልክ በዚያ ቅጽበት ስልኬ ጮኸ።

ሐጂ አነሣልኝና ጆሮዬ ላይ ደገነው። የእድሩ ዳኛ ነው።

«ጋሼ፣ የት ነዎት? ልብስ ሰፊዋ አረፉ። አሁን።»

እግሬ በራሱ ጊዜ ነዳጁን ለቀቀ።

ልብስ ሰፊዋ ሁለት ቤት አልፋ የምትኖር ጎረቤቴ ናት። ሲያማት የከረመች ሴት ናት፤ ይሁንና ትላንት ማታ በአጥር ላይ አውርታኛለች። ያን ድንኳን በተቀደደ ቁጥር እየሰፋች ያቆየችው እሷ ናት። አውላላ ሜዳ ላይ ዘርግታው፣ የስፌት መኪናዋን አስወጥታ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ጥላ፣ «አንተ በሚስማር ትቀድዳለህ፣ እኔ በክር አስታርቃለሁ» ትለኝ ነበር። አሁን ሰው ለእሷ ተሰብስቦ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፤ ድንኳኗ ከእኔ ጋር ኢተያ ዳገት ላይ ነው።

«ጋሼ? ይሰማል? የወፍጮ ቤቱ ልጅ ዕቃ ቤት ሄዶ ነበር። ድንኳኑ የለም ይላል።»

«እኔ ጋ ነው።»

«እርስዎ ጋ? ለምን?»

«መንገድ ላይ ነኝ። ደረስኩ» አልኩ፤ ሐጂ ስልኩን ዘጋው።

«ደረስኩ?» አለ ሐጂ። «ለቅሶው አሰላ ነው እንዴ?»

ሳቅ አልመጣልኝም። መንገዱ ሰፋ የሚልበት ቦታ ላይ አዙሬ ቁልቁል ወረድኩ። ቁልቁለቱ ላይ መርፌው ቀስ እያለ ከቀዩ ራቀ። ከዴራ በታች ሜዳው ላይ ደርሼ እንደገና ስረግጥ አንድ እንግዳ ነገር አየሁ፤ በመስተዋቱ ውስጥ መንገድ። ከኋላዬ መንገድ አለ፣ ዛፍ አለ፣ የምትከተለኝ መኪና ታርጋዋ ሳይቀር ይነበባል።

«ሐጂ!»

«አየሁ። ዝም ብለህ ንዳ። ስማ፣ ሙቀቷን እንደያዘች መመርመር አለባት። ለቅሶ ቤት ገብታ ከቆመች ትቀዘቅዛለች፣ ሰዓቱም ያልፋል።»

«ሰው ፀሐይ ላይ ነው ያለው።»

«አውቃለሁ።»

«እሷ ናት የሰፋችው።»

«ማንን?»

«ድንኳኑን።»

ስልኩ ደግሞ ጮኸ፤ አላነሣነውም። ደግሞ ጮኸ። ጣቢያው ከከተማው መግቢያ ላይ ነው፤ ለቅሶ ቤቱ ከተማውን አቋርጦ ማዶ ነው። ምርመራው ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፣ ወረፋ ከሌለ። ለራሴ እንዲህ ስል ነበር የመጣሁት፤ «ወረፋ ከሌለ እገባለሁ፣ ካለ አልፌ እሄዳለሁ።» እንዲህ ዓይነት ውል ከራሴ ጋር ስዋዋል ብዙውን ጊዜ የማጭበረብረው እኔ ነኝ።

ወረፋው ከበሩ ወጥቶ አስፋልቱን ይዞ ተሰልፏል። ሰዓቱ ወደ አሥር ተጠግቷል። ሐጂን አየሁት፤ ሐጂም አየኝ።

«በቃ» አልኩ። «ለወፍጮ ቤቱ ልጅ ምርቃቴን እሰጠዋለሁ። እንሂድ።»

ፍሬቻ አሳይቼ ከሰልፉ ጎን ላልፍ ስል ጥበቃው አየኝ። ሸራው ዳገቱ ላይ ተገልቦ የድንኳኑ ብረት ወጥቷል። መጣና፣ «አባባ፣ አሁንም አላወረዱትም?» አለ እየሳቀ።

«አሁን እውነት ሆነ» አልኩት። «ጎረቤቴ አረፈች። ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

ሳቁ ወዲያው ጠፋ። ኮፍያውን ሲያወልቅ በዚያ ቀን ሁለተኛው ነበር። ምንም ሳልለምነው ወደ ሰልፉ ዞሮ ጮኸ፤ «የለቅሶ መኪና ነው! አሳልፉ!»

በእኛ አገር ለቅሶ የሚሄድን መኪና ማስቆም ነውር ነው። ታክሲው፣ ባጃጁ፣ ሌላው ቀርቶ ትራፊኩ ያሳልፈዋል። ያን ልማድ ስጠቀምበት ኖሬአለሁ፤ የጭስ ምርመራ ወረፋ ላይ ይሠራል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም። መኪኖቹ አንድ በአንድ ወደ ጎን ጠጋ ጠጋ አሉ። አንዲት ሴት ከመኪናዋ ውስጥ ሆና አማተበች፤ ሌላው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። እኔ በመሐላቸው ሳልፍ አንገቴ ቀልጦ ትከሻዬ ውስጥ ሊገባ ደረሰ። የማዝነው እውነት ነው፤ የምጣደፈው ግን ለሐዘኑ ብቻ እንዳልሆነ እኔና ሐጂ እናውቃለን።

ከሰልፉ ፊት አንድ የጭነት መኪና ነበር፣ አንዱ በሩ ሰማያዊ፣ ሌላው ቀይ። ሾፌሩ ባዶ የቲማቲም ሣጥን ጭኖ ከአቦምሳ የመጣ ጎልማሳ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ሊገባ ነበር።

«ፋዘር፣ ይግቡ» አለኝ። «የኔን ተራ ይውሰዱ።»

«አንተስ? ከጠዋት ነው እንዴ የጠበቅከው?»

«ቆሜያለሁ። እኔ በሕይወት አለሁ፣ እደርሳለሁ።»

«እመልስልሃለሁ» አልኩት። ሽማግሌ ነገር ሲሰጠው የሚለው ነገር ስለሚያጣ ይህን ይላል።

«ያበደርኩዎ ተራ ነው» አለ እየሳቀ። «ስለዚህ ተራ ነው የምቀበለው፣ ምርቃት አይደለም።»

ልጅቱ ቱቦውን ከተተች። «ይርገጡ፣ አባባ» ብላ ልትጮህብኝ ትንፋሿን ስታዘጋጅ ነዳጁን እንደ አህያ ረገጥኩት። ሞተሩ አጓራ። ደግሞ። ደግሞ። ሐጂ ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል። እኔ መስተዋቱን ነው የማየው፤ ጭስ አለ፣ ግን ስስ ነው፣ የልጅቱ ፊት በውስጡ ይታያል። ልጅቱ ስክሪኑን አየች። ዘለግ ላለ ጊዜ አየችው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

«አልፈዋል።»

ሐጂ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «አልነገርኩህም!» አለ። ምን እንደነገረኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ማለፌን የሚገልጸው ወረቀት ከማተሚያው ወጥቶ፣ ልጅቱ ማኅተም መትታበት፣ ገና ስትዘረጋልኝ መብራቱ ጠፋ። ስክሪኑ ጨለመ፣ አየር ማራገቢያው ቀስ ብሎ ቆመ፣ ከግቢው ሁሉ አንድ ረጅም «ኧረ!» ተሰማ።

«ጄኔሬተር የለም?» አለ አንዱ።

«ተበላሽቷል» አለች ልጅቱ። «ዛሬ በቃ። የቀራችሁ ለሚቀጥለው ሳምንት ትመጣላችሁ።»

ወጥቼ ስሄድ የአቦምሳው ሾፌር መግቢያው ላይ ቆሟል፤ የፊት ጎማው ምርመራ ቦታው ላይ ወጥቷል። የጠፋውን መብራት አየ፣ እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አየ። ቢሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር። «ወንድሜ፣ እኔ…» ስል እጁን በመስኮት አወጣና ወደ ከተማው አመለከተኝ።

«ይሂዱ፣ ፋዘር። ለቅሶው።»

ሄድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ነድቼ አላውቅም፤ ከተማውን አቋርጬ ስሄድ የሚያውቁኝ ሰዎች መኪናዋ ተሰርቃ ነው ብለው ቆመው ያዩኝ ነበር።

ለቅሶ ቤቱ ጋ ስደርስ ወንዶቹ የአጥሩን ጥላ ተከትለው በአንድ መሥመር ተጣብቀው ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ከኒም ዛፉ ሥር። ጥላው አልቆባቸው እግራቸው ፀሐይ ላይ ነው። መጀመሪያ ከመሬት የተነሣው የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነው። አንድ ቃል ሳይናገረኝ ገመዱን ፈታና ከባዱን ብረት በትከሻው አወረደ። ሐጂም እጅጌውን ሰብስቦ ገባበት፤ የእድራችን አባል እንዳልሆነ ማንም አላስታወሰውም። ድንኳኑ ሲወጠር ስፌቶቹ ታዩ፤ እዚህ ነጭ ክር፣ እዚያ ቡናማ፣ አንድ ጥግ ላይ ደግሞ ክር አልቆባት በቀይ የሰፋችው። ቀዩን ሳይ «እኔ በክር አስታርቃለሁ» የምትለኝ ትዝ አለኝና ብረቱን የያዝኩ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ዳኛው መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ድንኳኑ ዘገየ፣ ጋሼ።»

«ዘገየ» አልኩ።

«ሰው ፀሐይ ላይ ተቀመጠ።»

«ተቀመጠ።»

ወረቀቱን አወጣሁና ሰጠሁት። ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ ማኅተሙን አየ፣ አጥፎ መለሰልኝ። «ነገ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው» አለ። «አሮጊቶቹን እርስዎ ይጭናሉ። ቀስ ብለው ይንዱ።»

«ቀስ አይልም!» አለ ሐጂ ከኋላችን።

በማግሥቱ ግን ቀስ ብዬ ነዳሁ። እሷን ተከትዬ ማጓራት አልችልም። ከቀብር መልስ አሮጊቶቹን አራግፌ፣ መኪናዋን ወደ ኢተያ ዳገት ይዣት ወጣሁ፤ አሁን ከእያንዳንዱ ቀብር በኋላ እንዲሁ አደርጋለሁ። ድንኳኑን አስቀድሜ አወርዳለሁ። ሁለት ጊዜ ዞሬ አያለሁ።

በሚቀጥለው ሐሙስ በማለዳ ተነሥቼ ጣቢያው ሄድኩና ወረፋ ያዝኩ። ጥበቃው ሲያየኝ ግራ ገባው።

«አባባ፣ እርስዎ አልፈዋል እኮ!»

«አውቃለሁ። ለአንድ ሰው ተራ ልይዝ ነው።»

«ለማን?»

«አንድ በሩ ሰማያዊ፣ አንድ በሩ ቀይ ለሆነ።»

ጥበቃው አንገቱን ነቀነቀ፤ ድንኳን ረስቶ የሚዞር ሰው ይህን ቢል አይገርመውም። ሰልፉ እየተንቀሳቀሰ፣ እኔም እየተንቀሳቀስኩ፣ ከፊት ደረስኩ። ሾፌሩ አልመጣም። ምናልባት ሌላ ከተማ ሄዶ ተመርምሮ ይሆናል፤ ምናልባትም መንገድ ላይ ተይዟል፤ ይህን ሳስብ ምሳዬ አይወርድልኝም። ተራዬን ከኋላዬ ለነበረች ሴት ሰጠኋት። አመሰገነችኝ፣ መረቀችኝም። ግን ንብረት ክፍል የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ከአንዱ የተበደሩትን ለሌላው ሰጥቶ ተመላሽ ሆኗል ማለት እንደማይቻል ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ከአቦምሳ የሚመጣ የጭነት መኪና ሲያልፍ እስከ ዛሬ በሮቹን አያለሁ። የአንድ ሰው አንድ ተራ አለብኝ።